ስፓንዴክስ ምንድን ነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ ሰልባጅ ስትመርጡ ሳብ ሲያደርጉት ተለጥጦ ወዲያው ወደ ልኩ የሚመለስ የስፖርት ልብስ ካገኛችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምስጢሩ ስፓንዴክስ ነው። ኤላስታንም ይባላል፤ ላይክራ ደግሞ የንግድ ስሙ ነው።

ስፓንዴክስ ፖሊዩሪቴን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሞለኪውሉ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን ለስላሳና ጠንካራ ክፍሎች እየተፈራረቁ ይገኙበታል። ለስላሳዎቹ ተጠቅልለው ይቆዩና ሲሳቡ ይዘረጋሉ፤ ጠንካራዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ሰንሰለቶቹ ተንሸራተው እንዳይቀሩ ይይዛሉ። ክሩ ከርዝመቱ 5 እጥፍ ያህል ተስቦ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። በዱፖንት ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ በ1958 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሠራው፤ የታሰበውም በውስጥ ልብስ ላይ የጎማ ክርን እንዲተካ ነበር።

ብቻውን ግን ልብስ አይሆንም። የዋና ልብስ ብዙ ጊዜ 80 በመቶ ገደማ ናይለን፣ የቀረው ስፓንዴክስ ነው። በሩጫ ልብስ ላይ ዋናው ድርሻ በአብዛኛው የፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ከአየር የሚይዘው እርጥበት የክብደቱን 0.4 በመቶ ያህል ሲሆን ጥጥ 8 በመቶ ገደማ ይይዛል። ማለዳ የደሴውን የጦሳ ተራራ ሮጦ የሚወጣ ሰው ልዩነቱን ቁልቁል ሲመለስ በደንብ ያውቀዋል፤ ላብ የጠጣ ጥጥ በዚያ ብርድ ገላ ላይ ተጣብቆ ያንቀጠቅጣል። ጥጥን ማንኳሰሴ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ጥጥ እየፈተለች የኖረች ከተማ ናት፣ ለዕለት ልብስም ከጥጥ የሚሻል አላውቅም።

የስፓንዴክስ ጠላቶች ክሎሪን፣ በረኪናና ሙቀት ናቸው። ሐይቅ ውስጥ ክሎሪን የለም፤ በሆቴል መዋኛ ገንዳ ግን አለ፤ ክሩንም ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ ከገንዳ እንደወጣችሁ ልብሱን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ጥላ ላይ አስጡት፤ ካውያ አታስነኩት። የተበጠሰ ስፓንዴክስ አይጠገንም። ሰልባጅ ስትገዙም ጨርቁን ወጥራችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ የሳሳ ቦታ ወይም ብቅ ብቅ ያሉ ነጫጭ የክር ጫፎች ካያችሁ ተዉት። ገንዳ የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ክሎሪንን የተሻለ የሚቋቋመውን ፒቢቲ የተባለ የፖሊስተር ዓይነት ቢፈልግ ገንዘቡ አይባክንም።