የታዳጊዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በሐዋሳ

የታዳጊዎች ጥናት ቡድን ማለት ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነቡበትና የሚወያዩበት ትንሽ ስብስብ ነው። በሐዋሳ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዱ አጥቢያ «የታዳጊ ወጣቶች ኅብረት»፣ ሌላው በአጭሩ «ቲኖች» ይለዋል። ከልጆች የእሑድ ትምህርት አልፈው ለወጣቶች ኅብረት ገና ያልደረሱትን ይይዛል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች በሰንበት ትምህርት ቤት የራሳቸው አካሄድ ስላላቸው እዚህ የቀረበው በዋናነት የወንጌላውያኑ አሠራር ነው።

ለኳየር ልምምድ ሁለት ሰዓት ሳይታክቱ የሚቆሙ ልጆች ጥናት ሲባል ሰዓት ሰዓት ያያሉ። ብዙ መሪዎች ይህን ስንፍና ይሉታል፤ ስንፍና ግን አይደለም። ጥናቱ ሁለተኛ ስብከት ሆኖባቸው ነው። መሪው ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ጸልዮ ይዘጋል፤ ልጁም ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጥያቄ እንደያዘ ይመለሳል። ታዳጊን ወደ ቃሉ የሚስበው ሽልማትም ተግሣጽም ሳይሆን በገዛ ዓይኑ ከገጹ ላይ አንድ ነገር ማግኘቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ መንገድ ለመጥረግ ነው።

ምን ይነበብ?

ከዘፍጥረት ጀምሮ በተራ ማንበብ ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ነው። በግለት የተጀመረው ንባብ ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል፤ ልጆቹም «አቃተን» የሚል ስሜት ይዘው ይቀራሉ። ለጀማሪ ቡድን በ4 ሳምንት የሚያልቅ መጽሐፍ ይሻላል። ትንቢተ ዮናስ 4 ምዕራፍና 48 ቁጥር ብቻ ነው፤ በጾመ ነነዌ ምክንያት ታሪኩ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጽሐፉ የሚያልቀው እግዚአብሔር ለዮናስ ባቀረበው ጥያቄ ነው። ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰ አልተጻፈም። ስለ አንዲት ቅል ያዘነው ነቢይ ከ120,000 በላይ ሰዎች ስላሉባት ከተማ ለምን እንዳላዘነ ልጆቹ ራሳቸው ሲከራከሩ መሪው ዝም ማለት ብቻ ይበቃዋል። ሰው ለጠላቱ ምሕረት ሲደረግ ለምን ይቆጣል የሚለው ጉዳይ 15 ዓመት የሞላውን ሁሉ ያናግራል።

ከዮናስ ቀጥሎ ከወንጌላት የተመረጡ 8 ክፍሎች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ከ7 እስከ 15 ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። ማርቆስ 2፥1–12 (በጣሪያ የወረደው ሽባ) እና ማርቆስ 4፥35–41 (ማዕበሉ) ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ሉቃስ 5፥1–11 ደግሞ ለሐዋሳ ልጆች እንደ ተጻፈ ይመስላል። ማታ መረብ ጥለው ጠዋት የሚያወጡ ዓሣ አጥማጆችን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል ያየ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ምንም ያልያዘ ሰው መረቡን ካጠበ በኋላ እንደገና ጣል ሲባል ምን እንደሚሰማው ማንም ሳያስረዳው ያውቃል። መሳፍንት 4 ላይ ሲደርሱም ባርቅ ሠራዊቱን የሰበሰበበት ተራራ ስሙ ታቦር መሆኑን ሲያዩ፣ በከተማቸው ያለውን ታቦር ተራራ ስም ከየት እንደመጣ የሚጠይቁ አይጠፉም።

ቋንቋውም ይታሰብበት። የ1954 ዓ.ም. እትም በመድረክ የሚሰማው፣ ጥቅስም በቃል የሚያዝበት ነው፤ ሆኖም «ምልጃ»፣ «ብፁዓን»፣ «ኰነነ» የሚሉት ቃላት ለብዙ ታዳጊ ጨለማ ናቸው። አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን ማንበብ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ሲዳምኛ አፍ የፈታ ልጅ ካለ ያንኑ ክፍል በሲዳምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያንብብና ልዩነቱን ያስረዳ። በአማርኛ ማንበብ ሲከብደው ዝም ይል የነበረ ልጅ በዚያ ቀን አስተማሪ ይሆናል።

አንዱ ሰዓት እንዴት ይውላል?

አንድ ቡድን ከ6 እስከ 8 ልጅ ይበቃዋል፤ 10 ሲሞላ መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ ሁልጊዜ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ይሆናሉ። የ13 ዓመቱንና የ18 ዓመቱን አንድ ላይ ማስቀመጥም ትንሹን ያፍናል፤ ከ13–15 እና ከ16–18 ብሎ መለየት ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ተጀምሮ 10፡10 ላይ ቢያልቅ በባጃጅም በእግርም የሚመለሱት ሳይመሽ ይገባሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከተደረገ ሴቶቹ ልብስ አጠባ ላይ ናቸው፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ርቦታል።

ክፍሉ በወረቀት ታትሞ፣ መስመሮቹ ሰፋ ብለው፣ ከእስክሪብቶ ጋር ይታደል። በስልክ ብቻ ማንበብ አይመከርም፤ መልእክት በገባ ቁጥር ሐሳብ ይበተናል፤ ደግሞም ስልክ ያለውና የሌለው ይለያያል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለሰላምታና ለአጭር ጸሎት ናቸው። ከዚያ ክፍሉ ሦስት ጊዜ ይነበባል፦ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ፣ ከዚያ ሁሉም በየራሱ በዝምታ፣ በመጨረሻም ተናጋሪዎቹን ተከፋፍለው እንደ ድራማ። በዝምታው ንባብ ላይ ያልገባቸው ቦታ የጥያቄ ምልክት፣ የገረማቸው ቦታ ኮከብ፣ ሊያደርጉት የሚገባ ነገር ካለ ቀስት ያደርጋሉ። 15 ደቂቃ ይወስዳል።

ውይይቱ 35 ደቂቃ ነው፤ የመሪው ዋና ሥራም እዚህ ላይ ነው። «እግዚአብሔር ቸር ነው ወይስ አይደለም?» ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ወረቀቱን አያይም። «መርከበኞቹ እየጮኹ ሲጸልዩ ዮናስ ምን ያደርግ ነበር?» ቢባል ግን ልጆቹ ይፈልጉና ተኝቶ ያገኙታል፤ «ለምን እንቅልፍ ወሰደው?» የሚለው ያለ ቀስቃሽ ይከተላል። መሪው ከጠየቀ በኋላ በልቡ እስከ 10 ይቁጠር። አዲስ መሪ 3 ላይ ሳይደርስ ራሱ ይመልሳል፤ ልጆቹም ትንሽ ብንታገሥ እሱው ይነግረናል ብለው ይለምዳሉ። የተሳሳተ መልስ ሲመጣ «የትኛው ቁጥር ላይ አየኸው?» ማለት ይበቃል። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት በልጁ ላይ መሳቅ ወይም «ይህ የእምነት ማነስ ነው» ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ እውነተኛ ጥያቄ አይነሣም። መሪው የማያውቀው ሲገጥመው በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዞ እንደሚመጣ ይናገር፤ ይዞም ይምጣ።

በቀሩት 15 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ልጅ በዚያ ሳምንት የሚያደርገውን አንድ ነገር ይጽፋል። «የተሻለ ክርስቲያን እሆናለሁ» አይቆጠርም። «ከእህቴ ጋር ታርቄ እገባለሁ» ይቆጠራል። ጥናቱ በጸሎት ይዘጋል፤ ቆሎና ሻይ ካለ የሚቀርበው በመጨረሻ ነው።

በሳምንቱ መካከል

በቴሌግራም ግሩፕ በየቀኑ ጥቅስ መለጠፍ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያነበው አያገኝም። ረቡዕ ላይ ስለሚቀጥለው ክፍል አንድ ጥያቄ ብቻ መላክ ይሻላል። ለየግል ጥሞና (ብቻን ለማንበብና ለመጸለይ) 10 ደቂቃ ለጀማሪ በቂ ነው፤ አንድ ሰዓት የተጣለበት ልጅ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። የቃል ጥናት ጥቅስ በሳምንት አንድ ሆኖ በማግስቱ፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ቢደገም ይጸናል። የጥያቄና መልስ ውድድር በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ያነቃቃል፤ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ፈጣኖቹ ይሸለማሉ፣ ዘገምተኞቹ ይቀራሉ።

ግንቦትና ሰኔ የፈተና ወራት ስለሆኑ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይጎድላሉ። በዚህ ጊዜ ጥናቱን ወደ 30 ደቂቃ ማሳጠርና በመዝሙረ ዳዊት መቆየት እንጂ የቀረውን ልጅ መውቀስ አያስፈልግም። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ መጽሐፍ ለመጀመር ይመቻሉ።

ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ፤ በር ክፍት ይሁን፤ መሪ ከአንድ ታዳጊ ጋር በማታ በግል መልእክት አይጻጻፍ፤ ወላጆችም የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት ይወቁ።

ብዙ መሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመሆናቸው ሲመረቁ ቡድኑ አብሮ ይበተናል። መፍትሔው ከሦስተኛው መጽሐፍ ጀምሮ 16 እና 17 ዓመት የሞላቸውን በየተራ ማስመራት ነው። ተረኛው ሐሙስ ከመሪው ጋር አንድ ሰዓት ይዘጋጃል፣ 4 ጥያቄ ይጽፋል፤ ቅዳሜ መሪው ከዳር ተቀምጦ ያዳምጣል።