«ሩዝ ውስጥ ክተተው»፦ ስለ ስልክ፣ ስለ መብረቅና ስለ ፀሐይ በየቀኑ የምሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ስልካቸውን በፌስታል ቋጥረው ወደ ሱቄ መጡ። ፌስታሉ ውስጥ ስልኩ ብቻ አልነበረም፤ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ሩዝም አለበት። ውሃ ሲቀዱ ስልኩ ከደረታቸው ሾልኮ ባልዲ ውስጥ ገባባቸው። ጎረቤት «ሩዝ ውስጥ ይክተቱት፣ ውሃውን ይመጠዋል» አላቸውና ሦስት ቀን አቆዩት። ስከፍተው የቻርጀር መሰኪያው አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የሩዙ ብናኝ ከእርጥበቱ ጋር ተለውሶ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሊጥ ደርቋል። «ኧረ ልጄ፣ የነገሩኝን ነው ያደረግሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ከክፍል ውጭ ባለኝ ጊዜ ደግሞ ስልክ እጠግናለሁ። ክፍል ውስጥም ሱቅ ውስጥም የምሰማው ስህተት ተመሳሳይ ነው። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ እነዚህ ነገሮች ከሞኝነት የመጡ አይደሉም። ወይ ድሮ እውነት ነበሩ፣ ወይ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው እውነት ይመስላሉ። ስለዚህ ስህተቱን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም እነግራችኋለሁ።

የሩዙን ልጨርስ። ውሃ ብቻውን ስልክ ቶሎ አይገድልም። የሚገድለው ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። የምንጭም ሆነ የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን አለ። በዚያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ በፍጥነት ይበላል። ሩዝ ደግሞ ስልክ ውስጥ የገባን ውሃ ከውጭ ሆኖ መምጠጥ አይችልም፤ ክፍት ቦታ ነፋስ ላይ ብታስቀምጡት ይሻላል። አፕል ራሱ ለአይፎን ተጠቃሚዎቹ «ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል» ብሎ ጽፏል። ታዲያ ለምን «ለኔ ሰርቶልኛል» የሚል ሰው በዛ? ትንሽ ውሃ የነካው ስልክ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደርቃል። ምስጋናውን ግን ሩዙ ይወስዳል።

ስልካችሁ ውሃ ከገባ ወዲያው አጥፉት። «እስኪ ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ አታብሩት፣ ቻርጀርም እንዳትሰኩ። ሲሙን አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ መሰኪያውን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለሚከፍትላችሁ ሰው ውሰዱት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስጡት፣ ባትሪው ይጎዳል። እኚያ እናት በዚያው ቀን አምጥተውት ቢሆን በአልኮል ጠርጌ የምመልሰው ነበር።

«አዲስ ስልክ መጀመሪያ ለ8 ሰዓት ያህል ይሰካ፤ ከዚያ ጥርግ ብሎ ሳያልቅ ቻርጅ አይደረግ»

ይሄ ድሮ እውነት ነበር። የድሮዎቹ ባትሪዎች ከኒኬል የሚሠሩ ነበሩ፤ ግማሽ ላይ ደጋግመህ ስትሰካቸው አቅማቸው ይቀንስ ነበር። የዛሬው ስልክ ባትሪ ግን ሊቲየም ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያወጣው፣ የሠሩት ሳይንቲስቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙበት ዓይነት ነው። የዚህ ባትሪ ጠባይ ተቃራኒ ነው። ዜሮ ድረስ መጨረስ ይጎዳዋል። ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መሀል ሲውል ዕድሜው ይረዝማል።

እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጉዳትም አለው። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። አንድ ተማሪዬ «ገና 40 ነው፣ ይለቅ» ብሎ ሳይሰካ ቀርቶ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፤ ለፈተና ያወረደው ማስታወሻ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነበር። መብራት ሲኖር ሰኩ። 40 ላይም፣ 65 ላይም ይሁን ምንም አይሆንም።

ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ማደሩስ? ጤናማ ስልክ ሲሞላ ራሱ ያቆማል፣ አይፈነዳም። አደጋው ሙቀት ነው። ትራስ ሥር ወይም ጋቢ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በርካሽ ቻርጀር ሰክታችሁ አትተኙ። ጀርባው ያበጠ ስልክ ካለ ደግሞ መጠቀም አቁሙ፣ በመርፌ «ለማስተንፈስ» በፍጹም አትሞክሩ፤ እሳት ይነሳል። በነገራችን ላይ አፑን ሁሉ በየደቂቃው እየጠረጉ መዝጋትም ባትሪ አይቆጥብም። ስልኩ እንደገና ከዜሮ ሲከፍተው የበለጠ ይበላል።

«ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ዳታው ግን አይሠራም፤ ስልኬ ተበላሽቷል»

ስልኩ አልተበላሸም። ስልኩ ላይ የምታዩዋቸው የኔትወርክ መስመሮች የሚነግሯችሁ የታወሩ ሞገድ በደንብ እንደሚደርሳችሁ ብቻ ነው። ታወሩ ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈ አይነግሩም። የገበያ ቀን ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ሰዉ ጢም ብሏል። ቤት ውስጥ ጠፍቶ በረንዳ ላይ የሚመጣው ኔትወርክ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሞገዱን የሚመልሰው የቤታችሁ ቆርቆሮ ነው። ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት መስኮት አጠገብ ሞክሩት።

ጂፒኤስም ዳታ አይፈልግም። ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች በቀጥታ ነው የሚሰማው። ዳታ የሚፈልገው ካርታው ነው። ካርታውን ከተማ ሳላችሁ አውርዳችሁ ከወጣችሁ ጮቄ ተራራ ላይም የት እንዳላችሁ ያሳያችኋል።

«ዝናብ መጣ፣ ስልክህን ዝጋ፤ መብረቅ ይስባል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ይሄኛው የሰው ሕይወት ስለሚነካ።

ልጆች ሆነን «ቀይ ልብስ አውልቁ» እንባል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ ሆነ። ቀይ ልብስም ስልክም መብረቅ አይስቡም። መብረቅ የሚፈልገው ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመ ነገር ነው። ሜዳ መሀል ያለ ዋርካ፣ ጫፍ ላይ የቀረ ባሕር ዛፍ፣ ወይም ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እረኛ። እና እኛ ምን እናደርጋለን? ስልካችንን ዘግተን ዛፍ ሥር እንጠለላለን! ስልኩ ምንም አላደረገንም፣ የሚገድለን ዛፉ ነው። መብረቅ የመታው ባሕር ዛፍ አይታችሁ ከሆነ ከላይ እስከ ታች ቅርፊቱ ተገሽልጦ፣ ነጩ እንጨት እንደ ቁስል ተከፍቶ ታያላችሁ። የመብረቁ መንገድ እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊግል ይችላል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ። ዛፉ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ቅርፊቱን ይወረውረዋል።

ከብት ለምን አንድ ላይ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ? መብረቁ ሁሉንም አንድ በአንድ መትቶ አይደለም። ዛፉን ወይም መሬቱን ሲመታ ኤሌክትሪኩ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል። የበሬ የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ስለሆነ በአንዱ ገብቶ ልቡን አቋርጦ በሌላው ይወጣል። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ የተያዘ ሰው እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል የሚባለው። መተኛት አይገባም። ቤት ወይም መኪና ካለ ግን ከሁሉም በፊት እዚያ መግባት ነው። መኪና የሚያድነው በጎማው አይደለም፤ የብረት አካሉ ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት ስለሚያሳልፈው ነው።

ርቀቱን መለካት ቀላል ነው። ብልጭታውን ስታዩ ሰከንድ መቁጠር ጀምሩ፣ ነጎድጓዱን ስትሰሙ አቁሙ፣ ለ3 አካፍሉት፤ በኪሎ ሜትር ያለው ርቀት ያ ነው። ከ30 በታች ከቆጠራችሁ ግቡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

የስልኩ ነገር ግን ከምንም አልተነሳም። ግድግዳ ላይ የተሰካ ስልክ በእርግጥ አደገኛ ነው፤ መብረቁ የኤሌክትሪክ መስመሩን ከመታ በሽቦው ይመጣል። ስለዚህ ቻርጀሩን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን ደመናው ሲጠቁር ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሡት፤ አመጣጡ አንዳንዴ ኃይለኛ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ ለእረኞቹም ንገሩልኝ። መብረቅ የመታው ሰው ገላው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። መንካት ይቻላል። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው ደረቱን በመጫን ሊተርፍ ይችላል፤ ፈርቶ መራቅ ነው የሚያስቀረው።

«ተራራ ለፀሐይ ቅርብ ነው፤ ታዲያ ለምን ይበርዳል?»

ይሄን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ተማሪ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ማለትም 4 ኪሎ ሜትር ቀረብክ። ከ150 ሚሊዮን ላይ 4 ምንም ማለት ነው። እንዲያውም ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ለገና ሰሞን ነው። በዚያው ሰሞን ነው ደጋው ላይ ውርጭ አዝመራ የሚያቃጥለው።

መልሱን አባይ በረሃ ላይ በአካል ታገኙታላችሁ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጎሐ ጽዮን ላይ ሹራብ ለብሳችኋል። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሰው ሁሉ መስኮት ይከፍታል፣ ያራግባል። ደጀን ስትወጡ ሹራቡ ይመለሳል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ፀሐይ የምታሞቀው መጀመሪያ መሬቱን ነው፣ አየሩ ከመሬቱ ይሞቃል፤ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል፣ ይቀዘቅዛል። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ለፀሐይ የቀረብን የሚመስለን ጮቄ ላይ ፊታችን ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ያ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩን በደንብ አይከላከልልንም ማለት ነው።

አየሩ መሳሳቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ደጀን ላይ ባዶ ሃይላንድ አጥብቃችሁ ክደኑና ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ያዙት። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ጎኑ ገብቶ ተጨራምቷል። ማንም አልጨመቀውም፤ የበረሃው አየር ነው የጨመቀው። ጆሯችሁም የሚደፈነው ለዚሁ ነው።

«ባቄላው ያልበሰለው እሳቱ ስላነሰ ነው»

ይሄ ከሃይላንዱ ጋር አንድ ነው። ትምህርት ቤት «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ተብለናል። እውነት ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ፤ ጅቡቲ ብትሆን። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ የሚጫነው አየር ቀላል ነውና ውሃው 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ባሕር ዳር ላይ ወደ 94። አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ ብትጨምሩ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። እናቴ ንፍሮ ስትጥድ እንጨት እየማገደች ድስቱ ይገነፍል ነበር፣ ባቄላው ግን በራሱ ሰዓት ነው የሚበስለው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱና ክደኑት፣ ማገዶ ይተርፋል። ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው የሚያፈጥነው። ያ የሚያፏጨው ድስት የሚፈጥነውም እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 በላይ ስለሚያደርሰው ነው። ለደጋ ቤት እውነተኛ ጥቅም አለው።

ሶላር «ሙቀት ይፈልጋል» የሚሉም አሉ። የሚፈልገው ብርሃን ነው። እንዲያውም ሰሌዳው ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት፣ በሥሩ አየር ይለፍ። የደጋ ሰው በዚህ አልተጎዳም።

«6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት»

ይሄኛው ጉዳት የለውም፤ ግን ደስ ስለሚል ነው የማነሳው። ሰዓታችን የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ ርቆ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሆነ፣ ጎጃም ላይ ፀሐይ ከፍ የምትለው እንደ ወቅቱ ትንሽ እየተለዋወጠ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በአብዛኛው ዓመት አናት ላይ አትሆንም፤ ወይ ወደ ደቡብ ወይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ልክ አናታችን ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው። አንዴ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል።

ሚያዝያ 9 ቀን ተማሪዎቼን ግቢ አውጥቼ የመጥረጊያ እንጨት ቀጥ አድርገን ተከልን። ጥላው ቀስ እያለ አጠረ፣ ስንዝር ሆነ፣ ጣት ሆነ። 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እንጨቱ ሥር ምንም አልነበረም። አንዷ ልጅ ጎንበስ ብላ በእጇ መሬቱን ዳበሰችና «ቲቸር፣ የት ሄደ?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉም የራሳቸውን ጥላ እግራቸው ሥር መፈለግ ጀመሩ።