ሟሟ ማለት ጸና ማለት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ የሚማሩ ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚያምታታቸው አንድ ነገር አለ። «ሟሟ» እና «ጸንቶ ቆየ» ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ «ኦርጋኒክ አሟሚ» የሚለውን እንፍታ። ያለ ማዳበሪያ ከተመረተ ጤፍ ጋር አይገናኝም። ካርቦን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ እንደ አሴቶን፣ እንደ ሚታኖል፣ እንደ አረቄያችን ኢታኖል።

እርድ አረቄ ውስጥ ቢነከር ቢጫው ይወጣል። ይሄ መሟሟት ነው። ብርጭቆው ፀሐይ ላይ ሲውል ግን ቢጫው እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ኩርኩሚን የተባለው ቀለም በብርሃን ይፈርሳላ!

ችግሩ ሁሉም መፍረስ በዓይን አይታይም። አስፕሪን ሚታኖል ውስጥ ኩልል ብሎ ይሟሟል። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይለወጣል፤ ፈሳሹ ግን ያው ጥርት ያለ ነው።

ስለዚህ ጸንቶ መቆየቱን ለማወቅ፣ ልክ እንደተበጠበጠ የሟሟው ነገር መጠን ይለካል። ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ ብርሃን ላይ፣ በተለያየ ሙቀት ይቀመጥና በየሰዓቱ ወይም በየቀኑ እንደገና ይለካል። ኤችፒኤልሲ የሚባለው መሣሪያ ዋናውን ከስባሪው ለይቶ ያሳያል።

ክዳኑን ግን አደራ! አሴቶን ቶሎ ይተናል። ፈሳሹ ሲቀንስ የቀረው ይወፍራል፤ ግማሹ የፈረሰ ነገር ምንም ያልሆነ ይመስላል።