የተሳፋሪ ማኒፌስት ምንድን ነው?

ወደ አሜሪካ ስለፈለሱ ጀርመኖች የዘር ሐረግ በተወራ ቁጥር «ስማቸውን እኮ ኤሊስ ደሴት ላይ ጸሐፊው ነው የቀየረባቸው» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም፤ ኤሊስ ደሴት ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የነበረ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ማኒፌስቱን ራሱን በማስረጃነት ሲጠቅሱ እያየሁ ነው። ሰነዱን አንድ ጊዜ እንኳ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም። ማኒፌስት ኒው ዮርክ ላይ አይጻፍም።

ማኒፌስት የመርከቡ ሰዎች፣ በኋላ ዘመን ደግሞ የመርከብ ድርጅቱ በሚያሳፍርበት ወደብ፣ ያዘጋጁት የነበረ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው። የአሜሪካ ሕግ ከ1820 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመርከቡ አዛዥ ዝርዝሩን ለጉምሩክ ሹም እንዲያስረክብ ያስገድድ ነበር።

ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርስ ኮንቴይነር አስቡ። ወረቀቱን የሞላው ላኪው ነው። የሞጆው ጉምሩክ ሠራተኛ ከዕቃው ጋር ያመሳክራል እንጂ «ሩዝ» የሚለውን ሰርዞ «ስንዴ» ብሎ አይጽፍም። ኤሊስ ደሴት ላይም መርማሪው ዝርዝሩን ፊቱ ዘርግቶ፣ ሲያስፈልግ በአስተርጓሚ እየጠየቀ፣ መልሱን ከተጻፈው ጋር ያስተያይ ነበር። ጭነቱ እንከን ሲኖረው አጓጓዡ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ ከ1891 ሕግ ወዲህ እንዳይገባ የተከለከለን ሰው በራሱ ወጪ የሚመልሰው የመርከብ ድርጅቱ ነበር። ወረቀቱን በጥንቃቄ መሙላት ለራሱ ይጠቅመዋል። ደግሞም ጅቡቲ ዕቃው ያለፈበት ወደብ እንጂ የተመረተበት ቦታ አይደለም። «አያቶቻችን የብሬመን ሰዎች ናቸው» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙዎቹ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብሬመን የተሳፈሩበት ወደብ ነው፤ መንደራቸው ግን በሌላ የጀርመን ክፍል፣ ሄሰን ወይም ቩርተምበርግ፣ ሊሆን ይችላል።

ዘመኑም አይገጥምም። ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በጃንዋሪ 1892 ነው። የጀርመኖች ፍልሰት ጣሪያ የነካው ግን በ1882 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 250,000 የሚጠጉ ገብተዋል። ከ1855 እስከ 1890 ኒው ዮርክ የደረሱት ያለፉት ከኤሊስ ደሴት በፊት በነበረው መቀበያ ጣቢያ፣ በካስል ጋርደን ነው። በባልቲሞርና በኒው ኦርሊንስ የገቡትም ጥቂት አይደሉም።

ሙለር ሚለር፣ ሽሚት ስሚዝ፣ ዚመርማን ካርፔንተር የሆነው ከገቡ በኋላ ነው፦ በአሠሪው ደብተር፣ በትምህርት ቤት፣ በዜግነት ማመልከቻ። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ፈቃድ ነበር፤ ስም ለመለወጥ ፍርድ ቤት መቆም ግዴታ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ስም ለጥላቻ ያጋልጥ ስለነበር ያኔ የቀየሩም አሉ። ስለዚህ ማኒፌስት ውስጥ ስሚዝን ሳይሆን ሽሚትን ፈልጉ።

ፍለጋው ከአሜሪካ ሰነዶች ይጀምር። የ1900 የሕዝብ ቆጠራ የገቡበትን ዓመት ይናገራል፤ አንድ ሁለት ዓመት ሊዛነፍ ይችላል። ከ1906 በፊት የተሰጠ የዜግነት ወረቀት ብዙ ጊዜ አመልካቹ ታማኝነቱን የካደበትን ንጉሥ ወይም መስፍን ብቻ ይጠቅሳል። «ፕሩሲያ» የሚል ካገኛችሁም አትቸኩሉ። ትልቋ የጀርመን መንግሥት ፕሩሲያ ሌላውን የጀርመን መንግሥት ሃኖቨርን የጠቀለለችው በ1866 ስለሆነ፣ በ1860 ቆጠራ «ሃኖቨር» የተባለው ሰው በ1870 «ፕሩሲያ» ሊባል ይችላል።

ከዚያ ወደ ማኒፌስቱ። በስም ብቻ መፈለግ አያዋጣም፤ ዕድሜንና አብረው የተጓዙትን ልጆች አያይዙ። ጀርመኖች ወንዶች ልጆቻቸውን ዮሐን ጌኦርግ፣ ዮሐን ፔተር እያሉ አጥምቀው በሁለተኛው ስም ይጠሩ ነበር። በአሜሪካ «ጆርጅ» የተባለው ሰው መርከቡ ላይ «ዮሐን» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። በጀርመኖቹ የድሮ የእጅ ጽሕፈት ደግሞ «ኤ» (e) እና «ኤን» (n) ፊደላት እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ማውጫ ያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ስም አበላሽተዋል። የማውጫውን ፊደል ሳይሆን የገጹን ምስል እመኑ።

ከሃምቡርግ የተሳፈሩ ዕድለኞች ናቸው፤ ከ1850 እስከ 1934 ያለው ዝርዝር በአብዛኛው ተርፏል፣ የመጡበትንም ከተማ ወይም መንደር ብዙ ጊዜ ይጽፋል። በቀጥተኛው መርከብ ካጣችኋቸው በእንግሊዝ በኩል የሄዱትን ለብቻ የያዘውን ዝርዝር እዩ። የብሬመን ግን በቦታ ጥበት ሲወገድ ቆይቶ የተረፈው በአብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷል፤ ያላችሁ አሜሪካ የቀረው ቅጂ ነው፣ እሱም ከ1893 በፊት መንደር እምብዛም አይጠቅስም።

መንደሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም በማይጠረጥረው ቦታ፣ አሜሪካ በነበሩ ጀርመንኛ ተናጋሪ አጥቢያዎች የጋብቻና የቀብር መዝገብ ላይ ነው። ቄሱ ራሱ ጀርመናዊ ስለሆነ የትውልድ መንደሩን በትክክል ይጽፈዋል። ስሙ እንደ ኖይኪርሽን ብዙ ቦታ የሚገኝ ከሆነ የ1912ቱ የማየርስ የቦታ ስሞች መዝገብ ይለያቸዋል። የመንግሥት የልደት ምዝገባ በመላ ጀርመን የጀመረው በ1876 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው በአብዛኛው የጥምቀት መዝገብ ይፈለጋል። መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ከሌለው መዝገቡ ያለው በአጎራባቹ አጥቢያ ነው፤ የሉተራኑና የካቶሊኩ አጥቢያ ደግሞ አንድ ላይሆን ይችላል።