ቴል ምንድን ነው? የዘመን መለኪያስ ነው?

ቴል ሰው ሠራሽ ጉብታ ነው። ሰዎች በአንድ ቦታ ለብዙ ትውልድ የጭቃ ቤት ይሠራሉ፤ ቤቱ ሲፈርስ ፍርስራሹን ደልድለው ከላዩ ሌላ ያቆማሉ፤ መሬቱም ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ኩርዶች ግርድ ይሉታል። በዚህ ላይ ክርክር ስለሌለ አልቆይበትም። ብዕር ያስነሣኝ ሰሞኑን ስለ ኢራቅ ኩርዲስታን ጥንታዊ መንደሮች ሲተነትን የሰማሁት ሰው ነው። «አንድ ሜትር አንድ ሺህ ዓመት ነው፤ ቁመቱን ለካ፣ ዕድሜውን ታገኛለህ» አለ። ይህን አባባል የሰማሁት ከእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት።

እስቲ በእሱ ሒሳብ እንሂድ። የኤርቢል ጥንታዊ ከተማ የተቀመጠችበት ጉብታ ሠላሳ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ስለዚህ ዕድሜው ሠላሳ ሺህ ዓመት ሊሆን ነው። በዚያ ዘመን የጭቃ ቤት የሚሠራ መንደርተኛ በየትኛውም ምድር አልነበረም።

ወደ ትንሿ መንደር እንምጣ። ጃርሞ ከኪርኩክ በስተምሥራቅ፣ በቸምቸማል አካባቢ፣ በዛግሮስ ተራሮች ግርጌ ትገኛለች። ስፋቷ አንድ ሄክታር ተኩል ገደማ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ብሬድዉድ ከ1948 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በተለያዩ ወቅቶች ቆፍሯታል። ከላይ እስከ ታች ያለው ክምችት ሰባት ሜትር ያህል ነው። መንደሯ የተመሠረተችው ከክርስቶስ ልደት በፊት 7000 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ በተንታኙ ስሌት ሰዎች እስከ ክርስቶስ ልደት ድረስ ኖረውባታል ማለት ነው። ታዲያ ነሐሱ የት ሄደ? ብረቱስ? ሳንቲሙስ? የተገኘው የድንጋይ ማጭድ ስለት፣ ወፍጮ፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ፣ የፍየልና የበግ አጥንት ነው፤ ሩቅ ከሆነው ከቫን ሐይቅ አካባቢ የመጣ ጥቁር ባልጩትም አለ። የሸክላ ዕቃ እንኳ የታየው በላይኞቹ ንብርብሮች ብቻ ነው።

የቴል ቁመት የሚነግረን ስንት ጭቃ እንደተከመረ ነው፤ ስንት ዘመን እንዳለፈ አይነግረንም። የጃርሞ ቤቶች ግድግዳ ጭድ ከተቀላቀለበት ጭቃ በእጅ እየተደራረበ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ግድግዳ በየዓመቱ ካልተመረገ ዝናብ ግርጌውን ይበላዋል። ቤቱ ሲያረጅ ባለቤቱ እንጨቱን ለሌላ ቤት ያወጣዋል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይናዳል፤ በአንድ ጊዜም ብዙ አፈር ይከመራል። ጎበዝ ባለቤት ሁለት ጊዜ ቤት ቢያድስ፣ ሰነፍ ከሆነው ጎረቤቱ ይልቅ ቴሉን ያሳድጋል። መንደሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ጉብታው ማደጉን ያቆምና በጎርፍና በነፋስ መሸርሸር ይጀምራል። ሺህ ዓመት ባዶውን ቢቆይ የሚጨምረው ሜትር የለም፤ እንዲያውም ይቀንሳል።

«ከታች ያለው አሮጌ፣ ከላይ ያለው አዲስ» የሚለው ሕግስ? እውነት ነው፤ ግን እንደ እንጀራ ድርብ ነው። መጀመሪያ የተጋገረው ከታች መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም እንጀራው ስንት እንደሆነ ብታውቅ እንኳ መቼ እንደተጋገረ አታውቅም፤ ጋጋሪዋ በመካከሉ ሳምንት አርፋ ሊሆን ይችላል። አይጥ ከጎን ገብቶ አራቱን በአንድ ጊዜ ይበሳል። አንዱ እንጀራ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ነው። መንደር ውስጥ ያለችው አይጥ ደግሞ ሰው ራሱ ነው። እህል ማከማቻ ጉድጓድ ሲቆፍር የአያቶቹን ዕቃ ወደ ላይ ያወጣል፤ ሲሞላው ደግሞ የራሱን ስብርባሪ ወደ ታች ይጥላል። የጉድጓዱን ጠርዝ ያላየ ቆፋሪ ሁለቱን ዘመን በአንድ ከረጢት ይከታል።

በሕይወት የነበረ ነገር ቅሪት ውስጥ ባለ ካርቦን ዕድሜን የሚለካው የራዲዮካርቦን ምርመራ ይገላግለናል የሚል ካለ ጃርሞን ያስታውስ። ዘዴው ገና እንደተፈለሰፈ ናሙና ከተላከባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ነበረች፤ የተገኙት ዕድሜዎች ግን በሺህ ዓመታት ይራራቃሉ። የቀንድ አውጣ ቅርፊትም ተልኮ ነበር። ቀንድ አውጣ የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር ሲኖር በጣም ያረጀ ካርቦን ወደ ቅርፊቱ ስለሚያስገባ ከዕድሜው በላይ አሮጌ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራም አስቸጋሪ ነው። እኔ ብሆን የተቃጠለ የእህል ፍሬ እመርጣለሁ፤ ፍሬ የአንድ ዓመት ምርት ነው፤ የቤት ምሰሶ ግን ከመቆረጡ በፊት መቶ ዓመት ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ተንታኙ «የዘጠኝ ሺህ ዓመት የኩርድ መንደር» ማለቱንም አልወደድኩለትም። ቦታው ዛሬ የኩርዶች አገር መሆኑ ሌላ ነገር ነው። የጃርሞ ሰዎች ጽሕፈት ከመፈልሰፉ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ቀድመው ስለኖሩ ምን ቋንቋ እንደተናገሩ የሚመሰክር ነገር የለም።

የኩርድ መንደር ንብርብር ማየት የፈለገ ወደ ጉብታው አናት፣ ወደ ቅርቡ ዘመን ይውጣ። በ1988 እ.ኤ.አ. የሳዳም ሁሴን መንግሥት በኩርዶች ላይ ባካሄደው የአንፋል ዘመቻ በዚሁ በቸምቸማልና በጋርሚያን አካባቢ ያሉ መንደሮች በጦርና በዶዘር ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ተወስደዋል። ይህም በአፈር ውስጥ አንድ ንብርብር ሆኗል፤ በሜትር ቢለካ ግን ከመዳፍ ስፋት ላይበልጥ ይችላል። ከ1991 በኋላ የተመለሱት ሰዎች ብዙ ቤት የሠሩት በብሎኬትና በሲሚንቶ ነው። ብሎኬት እንደ ጭቃ ወደ አፈርነት አይመለስም፤ ሲፈርስም ስብርባሪው በመኪና ይጫናል። በዚህ ዓይነት አዲሶቹ መንደሮች ለብዙ ትውልድ ቢቆዩም ቴል አይሆኑም።