የጎንደር አዝማሪ፦ ግጥምና ዜማን ሰው ፊት የሚሠራ ደራሲ

ፋሲል ግቢ ውስጥ አስጎብኚዎች "የዘፈን ቤት" የሚሉት አዳራሽ አለ። ያሠራው ሣልሳዊ ዳዊት ነው። የታላቁ ኢያሱ ልጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 ነገሠ። ዙፋኑ ላይ የቆየው አምስት ዓመት ቢሆንም ለዘፋኞች አዳራሽ ለማሠራት ጊዜ አላጣም። የዘፈን ፍቅሩ እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይነሳል። ስለ ጎንደር አዝማሪ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ቤት ነው። ያን ጊዜ የአዝማሪ መድረክ ቤተ መንግሥት ድረስ ይደርስ ነበር።

አዝማሪ ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍን ባለሙያ ነው። እንዲህ ብሎ ማለፍ ግን ግማሹን ሥራውን መተው ይሆናል። አዝማሪ ገጣሚ ነው፣ የዜማ ደራሲም ነው። የሚጽፈው ነገር የለም። ግጥሙን የሚሠራው እዚያው፣ የሚገጥምለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ሌላው ደራሲ ሰርዞ ደልዞ ያስተካክላል። አዝማሪ ይህን የሚያደርግበት ፋታ የለውም።

ቃሉ የመጣው ከግዕዙ "ዘመረ" ነው። ከመዝሙርና ከመዘምር ጋር አንድ ሥር አለው። ይህ የከበረ ቃል ከጊዜ በኋላ መሰደቢያ መሆኑ ያሳዝናል። "ምን አዝማሪ ሆነ" ሲባል ሰውየው ለፍላፊ ነው ማለት ነው። ሰርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም የሚለው ሰው ራሱ፣ ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር ያቅማማ ነበር። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚጋቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው የምስጢር ቋንቋም አላቸው። ደንበኛው ፊት ስለ ደንበኛው ለመመካከር ይጠቅማል።

አዝማሪን ከሁለት ሌሎች ሰዎች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን የሚዘምረው ደብተራ ነው። ጎንደር በአታ የአቋቋም፣ ማለትም በሽብሸባ የሚዘመረው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ትምህርት ማስመስከሪያ ናት፤ ዜማው ምልክት አለው፣ መጽሐፍ አለው፣ መምህር አለው። ሁለተኛው ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባለው ነው። እሱ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዘፈነ ይለምናል፤ ማሲንቆም አይዝም። አዝማሪ ከሁለቱም ይለያል። የሚዘፍነው ስለ ዓለማዊ ኑሮ ነው፣ መሣሪያ አለው፣ የሚጠራውም ሰው ሲሰበሰብ ነው። ዘለሰኛ ሲያወጣ ግን ስለ ሞትና ስለ ከንቱነት እያነሳ ጠጅ ቤቱን ቤተ ክርስቲያን ሊያስመስለው ይችላል።

መሣሪያው ቀላል ይመስላል። አራት ማዕዘን ያለው የእንጨት ሳጥን፣ ላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ረዘም ያለ አንገት። ክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ ይሠራል። ቀስቱም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራው እንዳያዳልጥ ዕጣን ይቀባል። አዝማሪው ከመጀመሩ በፊት ዕጣኑን ከኪሱ አውጥቶ ቀስቱን ፈተግ ፈተግ ያደርጋል። ያችን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ወሬውን ያቆማል። በዚያች አንዲት ክር አራቱን የዜማ ቅኝቶች፣ ትዝታንም፣ ባቲንም፣ አምባሰልንም፣ አንቺሆዬንም ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አዝማሪው እንግዳ ፊት ከመቆሙ በፊት ወሬ ይለቅማል። አስተናጋጇን ወይም አጠገቡ ያለውን ሰው ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ስሙ ማነው? የየት አገር ሰው ነው? ሚስቱ ናት ወይስ እህቱ? ከዚያ ማሲንቆውን እየመታ ይጠጋል፤ ዜማው ሲደጋገም እሱ ግጥሙን እየፈለገ ነው። ሁለት ስንኝ ይወረውራል። ሳቅ ከመጣ ይቀጥላል፤ ዝም ከተባለ ወዲያው መንገድ ይቀይራል። ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል።

እንግዳውም ዝም ብሎ አይሰማም። "ተቀበል!" ይላል። ሁለት ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ችሎታው ይፈተናል። ግጥሙ ቤት ባይመታ አስተካክሎ ማዜም አለበት፤ ሰምና ወርቅ ካለው ደግሞ ወርቁ እንዲሰማ ቃሉን በትክክለኛው ቦታ መስበር አለበት። ምሳሌ እንዲሆን እኔው ልግጠም። ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች አንድ ጠጅ ቤት ተገናኙ እንበል። አንዱ ይነሳና፦

ጠጁ መረረብኝ ቀምሼው ደግሜ፤
ምንም አያጣፍጠው ማር እንጂ ወንድሜ።

ሰሙ ስለ ጠጅ ነው፤ ከማር በቀር የሚያጣፍጠው የለም። ወርቁ "ማር እንጂ፣ ወንድሜ" ላይ ነው፤ ይቅር በለኝ ማለቱ ነው። አዝማሪው ሁለተኛውን መስመር ደጋግሞ "ማር" ላይ ትንሽ ቆም ካለ ሰውየው ይገባዋል። ፊት ለፊት ሊባል የማይችል ነገር በአዝማሪ አፍ ይባላል። ለባለሥልጣን የሚሰጥ ተግሣጽም በዚሁ በር ይገባ ነበር።

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቹ የታወቀ መንደር ነው። ልጁ መጀመሪያ ትንሽ ማሲንቆ ይይዛል። ከዚያ አባቱን ተከትሎ ሰርግ ለሰርግ ይዞራል፤ ዜማውን ብቻ ሳይሆን ሰው ማንበብ ይማራል። ሲያድግ ብዙ ጊዜ ከሚስቱ ጋር ይሠራል። እሱ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እስክስታውም የእሷ ነው። ግጥም የሚወረውሩት ሁለቱም ስለሆኑ "አዝማሪ" ስንል ወንድ ብቻ ማሰባችን ስህተት ነው። ገቢው ወቅት አለው። ከጥምቀት በኋላ ጥር ሙሉ ሰርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል።

ሥራው አደጋም ነበረው። ፋሺስት ጣልያን አዝማሪን ይፈራ ነበር። ወሬ ከአገር አገር የሚያደርሰው፣ አርበኛውን በሽለላና በቀረርቶ የሚያነሳሳው እሱ ነውና። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እንዲታደኑና እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮች ጋር ዘላን ዘፋኞች ነበሩ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አዝማሪው ሌላ መድረክ አገኘ፤ ኪነት። ከቀበሌ ጀምሮ በየቦታው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ጎንደር ላይ ስሙ የገነነው ፋሲለደስ የኪነት ቡድን ነው። ከማሲንቆው ጋር ስሙ የሚነሳው ይርጋ ዱባለ ከዚህ ቡድን ከወጡት አንዱ ነው። ኪነት ለአዝማሪ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና ክብር ሰጠው። ግጥሙ ግን አስቀድሞ ተጠንቶ መቅረብ ነበረበት፤ ርዕሱም ከላይ ይመጣል። እንደ እኔ ከሆነ ያተረፈውም የከሰረውም እዚህ ላይ ነው። ድምፁ በሬዲዮና በካሴት ለአገር ሁሉ ደረሰ፤ "ተቀበል" ግን በዚያ መድረክ ቦታ አልነበረውም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የባህል ምሽት ቤቶች ሲከፈቱ ያ ነፃነት ተመለሰ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቱሪስቱና የአገሩ ሰው አንድ ላይ ቁጭ ብለው ግጥም ይወረወርባቸዋል። ብዙዎች ማሲንቋቸውን ይዘው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ወረዱ። ይህ ሥራ የምሽት ሥራ ነው። ስለዚህ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጎንደርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ መጀመሪያ እንጀራቸው ከተነካባቸው መካከል አዝማሪዎች መሆናቸው ግልጽ ነው።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ እንዲሆንና "ግዙፍነት ያገኘ" እንዲሆን ይጠይቃል። መጻፍ ወይም መቀዳት አለበት ማለት ነው። አዝማሪው ዛሬ ማታ የሠራው ስንኝ አልተጻፈም፣ አልተቀዳም። ካማረ ግን አንዱ በስልኩ ይቀዳዋል። ከሳምንት በኋላ ስንኙ በሌላ ዘፋኝ ድምፅ፣ በኪቦርድ ታጅቦ ታክሲ ውስጥ ይሰማል። ግጥምና ዜማ የሚለው ቦታ ላይ "የሕዝብ" ተብሎ ተጽፏል።