ፈረሰኛና ነጎድጓድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደጋው አገር የክረምት ነጎድጓድ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ፣ ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ፈረሱን ጭኖ የወጣ ሰው ሲመለስ ገላጣ ሜዳ ላይ ሊደርስበት ይችላል። በዚያች ሰዓት የሚያስቱ አንዳንድ እምነቶች አሉ።

«ዝናቡ ካልጀመረ አያሰጋም።» መብረቅ ከዝናቡ ቀድሞ፣ ከደመናው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ነጎድጓዱ ከተሰማ አደጋው ደርሷል፤ ጉዞ መቀጠል የሚገባውም የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው።

«መብረቅ የሚስበው የልጓሙና የእርካቡ ብረት ነው።» ብረት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ቢያስተላልፍም፣ መብረቁ የሚያርፍበትን ቦታ በይበልጥ የሚወስነው ቁመትና ብቻውን ጎልቶ መታየት ነው። በባዶ ሜዳ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ብረት ባይኖረውም የአካባቢው ከፍተኛ ነጥብ እርሱ ነው። ፈረሱን ማስጋለብም ይህን አይለውጠውም፤ በድምፁ የደነገጠ ፈረስ ሊጥልም ስለሚችል፣ ወርዶ እየሳቡ ከገመገሙ ወደ ዝቅተኛው ቦታ መሄድ ይሻላል።

«ትልቅ ዛፍ ያስጠልላል።» ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ብቻውን የቆመ ዋርካ ሲመታ ኤሌክትሪኩ ከግንዱ ወደተጠለለው ሰው ሊዘል ይችላል፤ ከዚያም በመሬቱ ላይ ዙሪያውን ይሰራጫል። በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ሰፊ ርቀት ያለው ፈረስ በዚህ ጊዜ ከሰው ይልቅ ይጎዳል፤ ምክንያቱም እግሮቹ በሚረግጡባቸው ቦታዎች መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ይበዛል፣ ኤሌክትሪኩም በልቡ በኩል ያልፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ ላይ 323 አጋዘኖች በአንድ ነጎድጓድ ተገድለው ተገኝተዋል። ስለዚህ ፈረስን ከዛፍ ወይም ከሽቦ አጥር ጋር አለማሰር፣ ሰዎችም እርስ በርስ ተራርቀው መቆም ይገባቸዋል። መሬት ላይ መተኛትም አይበጅም፤ የሣር ጎጆም ቢሆን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። አስተማማኙ መጠለያ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር የተዘረጋለት ቤት፣ አለዚያም መስኮቱ የተዘጋ ባለ ብረት ጣሪያ መኪና ነው።

«በመብረቅ የተመታን ሰው መንካት ይገድላል።» በተመታው ሰው ሰውነት ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያውኑ እርዳታ ጠርቶ፣ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫን ሊያተርፈው ይችላል።